የሶፍትዌር ፍላጎት ሰነድ፦ ምንነቱ፣ ይዘቱና የተገልጋዩ ድርሻ

አንድ ባለጉዳይ ማስረጃውን አሟልቶና ወረፋውን ጠብቆ መስኮት ላይ ከደረሰ በኋላ ‹‹ሲስተሙ አይቀበልም›› የሚል መልስ ሊያገኝ ይችላል። ሠራተኛው ለማገልገል ፈቃደኛ ነው፤ ማስረጃው ሕጋዊ ነው፤ ኮምፒውተሩም አልተበላሸም። የእንዲህ ዓይነቱ ችግር ምንጭ ብዙ ጊዜ ሶፍትዌሩ ከመሠራቱ በፊት በተጻፈ፣ ወይም መጻፍ ሲገባው ባልተጻፈ አንድ ሰነድ ውስጥ ይገኛል። ይህ ሰነድ የፍላጎት ሰነድ ይባላል።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2012 ዓ.ም. የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂን ካጸደቀ ወዲህ በርካታ የመንግሥት አገልግሎቶች ከወረቀት ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት በመሸጋገር ላይ ይገኛሉ። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያና መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የዚሁ ሽግግር አካል ናቸው። ስለሆነም የፍላጎት ሰነድ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚይዝና ዜጎች በዝግጅቱ ምን ድርሻ እንዳላቸው ማወቅ ለባለሙያዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ይህ ጽሑፍ እነዚህን ነጥቦች ለተገልጋዮች ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

1. የፍላጎት ሰነድ ምንድን ነው?

የፍላጎት ሰነድ አንድ ሶፍትዌር ምን እንዲሠራ፣ ለማን እንዲሠራ፣ በምን ሁኔታ እንዲሠራና ሥራው በትክክል መሠራቱ በምን እንደሚረጋገጥ በጽሑፍ የሚገልጽ ሰነድ ነው። ቤት የሚያሠራ ሰው ስንት ክፍል እንደሚፈልግ፣ ማድ ቤቱ የት እንደሚሆንና ደረጃ መውጣት የማይችል አረጋዊ በቤቱ ውስጥ መኖሩን ለግንበኛው አስቀድሞ ይናገራል። ግንቡ ካለቀ በኋላ ‹‹በሩ ጠባብ ሆነ›› ማለት ግድግዳ ማፍረስን ይጠይቃል። ሶፍትዌርም እንዲሁ ነው። ባለሙያው የሚሠራው የተጻፈለትን ነው፤ ያልተጻፈለትን በራሱ ግምት ይሞላዋል፤ ወይም ፈጽሞ አይሠራውም።

በዚህ መስክ የሚጠቀሰው ዓለም አቀፍ ደረጃ በቁጥር 29148 የሚታወቀው ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይኤስኦ) ከሌሎች ዓለም አቀፍ የሙያ ተቋማት ጋር በጋራ አውጥቶታል። እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ2018 በተሻሻለው በዚህ ደረጃ መሠረት እያንዳንዱ ፍላጎት አስፈላጊ፣ የማያሻማ፣ የተሟላ፣ ሊፈጸም የሚችልና መፈጸሙ ሊረጋገጥ የሚችል መሆን ይኖርበታል።

2. ጉዳዩ ተገልጋዩን የሚመለከተው ለምንድን ነው?

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል የታየ አንድ የአስተዳደር ለውጥ ይህን በግልጽ ያሳያል። በ2013 ዓ.ም. የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ክፍለ ከተሞች በተወሰዱ አካባቢዎች የመዲናዋ 11ኛ ክፍለ ከተማ ሆኖ ተደራጀ። እንደ ሰሚት፣ አያትና ቦሌ አራብሳ ባሉ አካባቢዎች የሚኖሩ ነዋሪዎች ቤታቸውን ሳይቀይሩ ክፍለ ከተማቸው ተቀየረ። ‹‹ቦሌ›› የሚለው መጠሪያ በሰፈሩ ስም ውስጥ ቢቆይም የሚያገለግላቸው አስተዳደር ሌላ ሆነ።

ከዚህ ለውጥ በፊት የተዘጋጀ አንድ የነዋሪዎች መመዝገቢያ ሶፍትዌር አለ እንበል። የፍላጎት ሰነዱ ‹‹አድራሻ የሚለወጠው ነዋሪው ሲዛወርና መሸኛ ሲያቀርብ ነው›› ብሎ ብቻ ደንግጎ ቢሆን፣ ሶፍትዌሩ ያልተዛወረውን ነዋሪ መሸኛ ይጠይቀዋል። ነዋሪው ከየትም አልሄደምና መሸኛ የሚሰጠው አካል የለም። ሠራተኛው ችግሩን ቢረዳም ከሶፍትዌሩ ውጭ ሊሠራ አይችልም። ልጁን ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ የነዋሪነት ማስረጃ የፈለገ አባት ከአንዱ ክፍለ ከተማ ወደ ሌላው ሲመላለስ የምዝገባው ጊዜ ሊያልፍበት ይችላል። በሰነዱ ላይ የጎደለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ ‹‹የአስተዳደር ወሰን ሲለወጥ ነዋሪው መሸኛ ሳይጠየቅ መዝገቡ ወደ አዲሱ አስተዳደር ይዛወራል።››

በፍላጎት ሰነድ ላይ የሚጎድል ነገር ዋጋውን በመጨረሻ የሚከፍለው ተገልጋዩ ነው፤ የሚከፍለውም በጊዜ፣ በትራንስፖርትና በእንግልት ነው። ለተቋሙም ቢሆን ሶፍትዌሩ ሥራ ከጀመረ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው፤ የመረጃ ቋቱ ይለወጣል፣ የተመዘገቡ መረጃዎች እንደገና ይታረማሉ፣ ሠራተኞችም ዳግም ይሠለጥናሉ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ጉድለቱ በወረቀት ላይ ሳለ ማረም ከሁሉም ይቀልላል።

3. ሰነዱን የሚያዘጋጀው ማን ነው?

ሰነዱን በዋናነት የሚያዘጋጀው አገልግሎቱን የሚሰጠው ተቋም ከሥርዓት ተንታኝ ባለሙያዎች ጋር በመሆን ነው። ሶፍትዌሩን የሚሠራው ድርጅት ብቻውን ሊያዘጋጀው አይገባም፤ ምክንያቱም ሥራውን የሚያውቀው ተቋሙ፣ ችግሩን የሚያውቀው ደግሞ ተገልጋዩ ነው። በዝግጅቱ የሚከተሉት ወገኖች ሊጠየቁ ይገባል፦

ሀ) በመስኮት ላይ የሚያገለግሉ ሠራተኞች፦ በመመሪያ ላይ ያልተጻፈውን የዕለት ተዕለት ሁኔታ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።
ለ) የመዝገብ ቤት ሠራተኞች፦ የቆዩ ፋይሎች በምን መልክ እንደተያዙና ምን እንደሚጎድላቸው ያስረዳሉ።
ሐ) የሕግ ባለሙያዎች፦ የትኛው መረጃ በሕግ እንደሚፈለግና የትኛው በልማድ ብቻ እንደሚጠየቅ ይለያሉ።
መ) ተገልጋዮች፦ በተለይም አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞች፣ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ፣ ዘመናዊ ስልክ የሌላቸውና በውጭ አገር የሚኖሩ ዜጎች።

መረጃው የሚሰበሰበው በቃለ መጠይቅ፣ በውይይት መድረክ፣ ያሉትን ቅጾች በመመርመርና የአገልግሎት አሰጣጡን በቦታው ተገኝቶ በመመልከት ነው። የመጨረሻው ዘዴ ሊታለፍ አይገባውም። ከቢሮ ሆኖ ሲነገር በሦስት እርምጃ የሚያልቅ ጉዳይ፣ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ለተመለከተው ሰባት እርምጃ ሊኖረው ይችላል።

4. ሰነዱ ምን ምን ይይዛል?

ሀ) ዓላማና ወሰን፦ ሶፍትዌሩ የትኛውን አገልግሎት እንደሚሸፍንና የትኛውን እንደማይሸፍን።
ለ) የተጠቃሚዎች ዝርዝር፦ እያንዳንዱ ተጠቃሚ ምን ማየትና ምን መለወጥ እንደሚፈቀድለት።
ሐ) የተግባር ፍላጎቶች፦ ሶፍትዌሩ የሚያከናውናቸው ሥራዎች፤ ለምሳሌ መመዝገብ፣ መፈለግ፣ ማረም፣ ማተም።
መ) የጥራት ፍላጎቶች፦ ፍጥነት፣ ደኅንነት፣ ተደራሽነት፣ በኔትወርክ መቋረጥ ጊዜ የሚኖረው አሠራር።
ሠ) የመረጃ ፍላጎቶች፦ የትኞቹ መረጃዎች በምን መልክና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያዙ።
ረ) ልዩ ሁኔታዎች፦ ከተለመደው ውጭ የሚያጋጥሙ ጉዳዮችና የሚስተናገዱበት መንገድ።
ሰ) የርክክብ መመዘኛ፦ ተቋሙ ሶፍትዌሩን ከመረከቡ በፊት የሚያካሂዳቸው ፍተሻዎች።

ከነዚህ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሳሳው ‹‹ልዩ ሁኔታዎች›› የሚለው ክፍል ነው። ተገልጋዩን የሚያመላልሱ ጉዳዮች ግን በብዛት የሚመነጩት ከዚሁ ነው።

5. በአገራችን ሁኔታ ሊዘነጉ የማይገባቸው ፍላጎቶች

በርካታ ተቋማት በሌላ አገር የተሠራ ዝግጁ ሶፍትዌር ወስደው ያስተካክላሉ። የፋይዳ ሥርዓትም የተገነባው በሕንድ ባንጋሎር በሚገኘው ዓለም አቀፍ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በተዘጋጀውና ሞሲፕ በተባለው፣ ማንኛውም አገር ወስዶ ሊጠቀምበት በሚችል ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። በዝግጁ ሶፍትዌር መጠቀም ጊዜና ገንዘብ ይቆጥባል። ሆኖም የአገሩን ስም፣ ፊደልና የዘመን አቆጣጠር የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነውና የሚከተሉት በሰነዱ ላይ በግልጽ መስፈር አለባቸው።

ስም፦ ኢትዮጵያዊ በአብዛኛው የሚጠራው በራሱ ስም፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው፤ የቤተሰብ ስም የለውም። ሴትም ስታገባ ስሟን አትለውጥም። ‹‹የመጀመሪያ ስም›› እና ‹‹የቤተሰብ ስም›› የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ብቻ ያሉት ቅጽ የአባትን ስም አንዴ ከራስ ስም ጋር፣ አንዴ ለብቻው እንዲጻፍ ያደርጋል። በዚህም የአንድ ሰው ሁለት መዝገቦች ሳይመሳሰሉ ይቀራሉ።

ፊደል፦ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1999 ስለተካተተ በኮምፒውተር መጻፉ ዛሬ ችግር አይደለም። ችግሩ በፍለጋ ላይ ነው። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ በአማርኛ አንድ ዓይነት ድምፅ አላቸው። ‹‹ፀሐይ›› የሚለው ስም ‹‹ጸሐይ››፣ ‹‹ፀሀይ›› ወይም ‹‹ጸሀይ›› ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ‹‹ገብረ ሥላሴ››ም ‹‹ገብረስላሴ›› ወይም በአጭሩ ‹‹ገ/ሥላሴ›› ተብሎ ይጻፋል። ለሰው አንድ የሆኑት እነዚህ ስሞች ለኮምፒውተር የተለያዩ ናቸው። ሰነዱ ሶፍትዌሩ በፍለጋ ጊዜ እነዚህን አማራጮች አቀራርቦ እንዲያሳይ፣ የባለቤቱን አጻጻፍ ግን እንዳይለውጥ ማዘዝ አለበት። በላቲን ፊደል በሚጻፉ እንደ አፋን ኦሮሞ ባሉ የአገራችን ቋንቋዎች የተጻፈ ስምም ባለቤቱ በሚጽፈው መልክ መመዝገብ ይኖርበታል።

ቀን፦ የኢትዮጵያ ዓመት 13 ወራት አሉት። 12 ወራት ብቻ የሚያስመርጥ ቅጽ በጳጉሜ የተወለደን ሰው አይቀበልም። ጳጉሜ 6 ቀን የምትሆነው ደግሞ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው። ጳጉሜ 6 ቀን 1995 ዓ.ም. የተወለደ ሰው የልደት ቀኑ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 ቀን 2003 ሲሆን፣ የቀን መለወጫው ይህን ካላወቀ ‹‹የተሳሳተ ቀን›› ይለዋል። የዓመቱም ልዩነት ወጥ አይደለም። ታኅሣሥ 22 ቀን 1990 ዓ.ም. ዲሴምበር 31 ቀን 1997 ሲሆን፣ ታኅሣሥ 23 ግን ጃንዋሪ 1 ቀን 1998 ነው። ስለዚህ ከዓመቱ ላይ ሰባት ወይም ስምንት በመደመር ብቻ ማስላት ስሕተት ያስከትላል። የተወለዱበትን ቀን በውል የማያውቁ አረጋውያን እንዴት እንደሚመዘገቡም መወሰን አለበት።

ሰዓት፦ ‹‹ቀጠሮዎ 3 ሰዓት ነው›› የሚል መልእክት ለአንዱ ጠዋት፣ በሌላው አቆጣጠር ለለመደ ከሰዓት በኋላ ሊመስለው ይችላል። መልእክቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚላክና ‹‹ጠዋት›› ወይም ‹‹ከሰዓት በኋላ›› የሚል ቃል እንደሚጨመርበት ይጻፍ።

አድራሻ፦ ከላይ እንደተገለጸው ክፍለ ከተማና ወረዳ ሊለወጡ ይችላሉ። ሕዝቡ ዛሬም ‹‹የቀበሌ መታወቂያ›› ብሎ የሚጠራው መታወቂያ የሚሰጠው ወረዳ ነው። ሶፍትዌሩ የአሁኑን አድራሻ ከቀድሞው ጋር አያይዞ መያዝ ይኖርበታል።

አሻራና ስልክ፦ በጉልበት ሥራ ወይም በዕድሜ ምክንያት የጣት አሻራቸው የደበዘዘ ዜጎች አሉ። ፋይዳ ከአሥሩ ጣቶች አሻራ በተጨማሪ የዓይን አይሪስና የፊት ምስል የሚወስድ በመሆኑ፣ አንዱ መለያ ሳይሠራ ሲቀር በሌላው ማረጋገጥ የሚያስችል አማራጭ በሰነዱ ሊታሰብ ይገባል። በስልክ መልእክት ብቻ የሚላክ የማረጋገጫ ቁጥርም ሲም ካርዱ ለጠፋበት ወይም በልጁ ስልክ ለሚጠቀም ሰው አማራጭ ያስፈልገዋል።

የኔትወርክና የመብራት መቋረጥ፦ አገልግሎቱ መሐል ላይ ሲቋረጥ የተሞላው መረጃ እንዳይጠፋ፣ ተገልጋዩ ካቆመበት እንዲቀጥል፣ መቋረጡ ከረዘመም ጉዳዩ በወረቀት ተመዝግቦ በኋላ እንዲገባ የሚያደርግ አሠራር መቀመጥ አለበት።

6. ፍላጎት እንዴት ይጻፋል?

‹‹ሲስተሙ ፈጣንና ዘመናዊ ይሁን›› የሚለው ምኞት ነው። በዚህ ዓረፍተ ነገር ሶፍትዌሩን መቀበልም ሆነ መመለስ አይቻልም። ‹‹200 ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ሲጠቀሙ የነዋሪ መዝገብ ፍለጋ ውጤት በ5 ሴኮንድ ውስጥ ይታያል›› የሚለው ግን ተለክቶ ሊረጋገጥ የሚችል ፍላጎት ነው። ከዚህ በታች የቀረበው ለማስረዳት የተዘጋጀ ናሙና ነው።

መለያ ቁጥር፦ አድራሻ 07
ፍላጎት፦ የአስተዳደር ወሰን ሲለወጥ ሶፍትዌሩ የነዋሪውን መዝገብ ወደ አዲሱ ክፍለ ከተማና ወረዳ ያዛውራል፤ ነዋሪውን መሸኛ አይጠይቅም፤ የቀድሞውን አድራሻ በመዝገቡ ታሪክ ውስጥ ያቆያል።
ምክንያት፦ ነዋሪው ቤቱን ሳይቀይር የአገልግሎት ሰጪው አስተዳደር ሊለወጥ ስለሚችል።
ምንጭ፦ የወረዳ መዝገብ ቤት ሠራተኞችና ነዋሪዎች።
ቅድሚያ፦ ከፍተኛ።
ማረጋገጫ፦ በሙከራ መዝገብ ላይ የወሰን ለውጥ ተደርጎ፣ ነዋሪው በአዲሱ ወረዳ በዚያው ዕለት ማስረጃ ማግኘት መቻሉ ይታያል።

በአንድ ፍላጎት ውስጥ ምንጩና ምክንያቱ መጻፋቸው ጥቅሙ ብዙ ነው። ከዓመታት በኋላ ኃላፊው ወይም ባለሙያው ቢለወጥ እንኳ ውሳኔው ለምን እንደተወሰነ ይታወቃል። ሰነዱ ሲሻሻልም ማን፣ መቼና ለምን እንዳሻሻለው መመዝገብ አለበት።

7. ሰነዱ ሊያከብራቸው የሚገቡ ሕጎች

የፍላጎት ሰነድ በሥራ ላይ ካሉ ሕጎች ጋር መጣጣም ይኖርበታል። በተለይ የሚከተሉት ይታያሉ፦

• የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004፦ ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት የሚመዘገቡበትን ሥርዓት ይወስናል።
• የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010፦ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ ሕጋዊ ዕውቅና የሚያገኝበትን ሁኔታ ይደነግጋል።
• የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012፦ በኤሌክትሮኒክ መልክ ለተዘጋጀ መልእክትና ሰነድ ሕጋዊ ዕውቅና ይሰጣል።
• የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015፦ ባለ 12 አኃዝ ለሆነው የፋይዳ ልዩ ቁጥር ሥርዓት መሠረት ነው።
• የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016፦ የግል መረጃ ለታወቀና ሕጋዊ ለሆነ ዓላማ፣ ለዓላማው በሚያስፈልገው መጠን ብቻ እንዲሰበሰብ ይጠይቃል።

ከመጨረሻው አዋጅ አንጻር ሰነዱን የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ስለ እያንዳንዱ የቅጽ ሳጥን ‹‹ይህ መረጃ ለምን ያስፈልጋል?›› ብለው ሊጠይቁ ይገባል። መልስ ያልተገኘለት ሳጥን ከቅጹ መውጣት አለበት። ቀደም ሲል በወረቀት ቅጽ ላይ ይጠየቅ ነበር የሚለው ብቻውን በቂ ምክንያት አይሆንም።

8. የእርስዎ ድርሻ

ተገልጋዮች የሶፍትዌር ዕውቀት ሳያስፈልጋቸው ለፍላጎት ሰነድ ጥራት አስተዋጽኦ ማድረግ ይችላሉ።

አንደኛ፣ ተቋማት ለውይይት ወይም ለአስተያየት ሲጋብዙ ይሳተፉ። ‹‹አገልግሎቱ ይሻሻል›› ከማለት ይልቅ የገጠመዎትን በቅደም ተከተል ይግለጹ፦ ምን አገልግሎት ፈልገው እንደሄዱ፣ ምን ማስረጃ እንዳቀረቡ፣ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደቆመና ምን እንደተባሉ።

ሁለተኛ፣ ‹‹ሲስተሙ አይቀበልም›› ሲባሉ የትኛው መረጃ እንዳልተቀበለና ኮምፒውተሩ የጻፈውን መልእክት በትሕትና ይጠይቁ፤ ቀኑን፣ የመስኮቱን ቁጥርና መልእክቱን በማስታወሻ ይያዙ። ‹‹በጳጉሜ የተወለደ ልጅ ልደት አልመዘገብም አለ›› የሚል አንድ መስመር ለባለሙያው ከረጅም አቤቱታ ይልቅ ይጠቅመዋል።

ሦስተኛ፣ ስምዎና የልደት ቀንዎ በሁሉም ማስረጃዎችዎ ላይ በአንድ ዓይነት መጻፉን ያረጋግጡ። ስሕተት ካዩ ከመስኮቱ ሳይለዩ ያመልክቱ፤ መዝገቡ ወደ ሌሎች ተቋማት ከተላለፈ በኋላ ማረሙ ይከብዳል።

አራተኛ፣ ችግሩ ካልተፈታ ለተቋሙ የቅሬታ ሰሚ ክፍል በጽሑፍ ያመልክቱ። በተቋሙ ምላሽ ካልረኩ አስተዳደራዊ በደልን ለሚመረምረው ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይችላሉ። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረትም ከመንግሥት አካላት መረጃ የመጠየቅ መብት አለዎት።

9. ማጠቃለያ

የኤሌክትሮኒክ አገልግሎት ጥራት የሚለካው ቀላሉን ጉዳይ በፍጥነት በመጨረሱ ብቻ አይደለም፤ ያልተለመደ ጉዳይ ይዞ የመጣውን ሰው በማስተናገዱም ጭምር ነው። ክፍለ ከተማው የተቀየረበት ነዋሪ፣ በጳጉሜ የተወለደ ልጅ፣ አሻራዋ የደበዘዘ እናት በፍላጎት ሰነዱ ላይ ከሰፈሩ በመስኮቱም ላይ ይስተናገዳሉ። በሰነዱ ላይ ካልሰፈሩ ግን ሠራተኛው ቢያዝንላቸውም ሶፍትዌሩ አያውቃቸውም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንዲሉ፣ የተገልጋዩ ችግር በሥራው መጀመሪያ በጽሑፍ እንዲሰፍር ማድረግ የተቋማትም የዜጎችም የጋራ ኃላፊነት ነው።